ሁለተኛው መንጠቆ

አባቴ በሰባ ስድስት ዓመቱ ሱስ ያዘው ብል የሚያውቁት ሁሉ ይስቃሉ። ሲጋራ አጭሶ አያውቅም፤ ካርታ እንኳ ሰው ሲጫወት አጠገብ ተቀምጦ ማየት ነው የሚወደው። ሱሱ የጠፈር ጣቢያ ነው። ኦሮራ ውስጥ ከሀቫና መንገድ ገባ ብላ ባለችው አፓርታማችን፣ ጠዋት ተነስቶ ፊቱን ሳይታጠብ ቴሌቪዥኑን ይከፍትና ከላይ በቀጥታ የሚተላለፈውን ሲያይ ይውላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ደመና ነው። ወይ ደግሞ አንዱ ጀርባውን ሰጥቶ ብሎን ሲፈታ ነው። እኔ አምስት ደቂቃ ካየሁ እንቅልፌ ይመጣል፤ እሱ ግን ብሎኑ እስኪወጣ ዓይኑን አይነቅልም።

ምክንያቱ አይጠፋኝም። ሠላሳ ዓመት የስልክ መስመር ሠራተኛ ነበር። ቀበቶውን ታጥቆ የስልክ እንጨት ላይ ይወጣል፣ የተበጠሰውን ሽቦ ይቀጥላል፣ ይወርዳል። ስለዚህ ጠፈርተኞቹን የሚያያቸው እንደ ተመልካች ሳይሆን እንደ ሥራ ባልደረባ ነው፤ ያውም እንደ ተቆጪ ባልደረባ። "ካቻቢቴ እንዲህ አይያዝም" ይላል ሻዩን እያማሰለ።

ቤት ያዋለው ግን ሱሱ አልነበረም። በበረዶው ወራት ሳንባው ታሞ ሆስፒታል ገባ፤ ሲወጣ ኦክስጅን ታዘዘለት፣ ቀንም ማታም። ኮመዲኖ የሚያህል ማሽን ሳሎናችን ጥግ ተተከለ። ከማሽኑ የሚወጣው ረጅም ቱቦ ከአባቴ አፍንጫ ጋር እስከ ኩሽናና እስከ መኝታ ቤት ይሄዳል፣ ከዚያ አያልፍም። ሐኪሟ የዴንቨር ከፍታ ለእንዲህ ዓይነት ሳንባ ከባድ መሆኑን ስታስረዳው አባቴ ተቆጣ። "ይቺ ናት ከፍታ? እንጦጦ ላይ እንጨት ወጥቼ የሠራሁ ሰውዬ ነኝ በያት!" አለኝ። እኔም "አመሰግናለሁ ይላል" ብዬ ተረጎምኩላት።

ለውጪ የሚሆን በጎማ የሚጎተት ትንሽ ታንክ፣ በቦርሳ ከሚያዝ መለዋወጫ ታንክ ጋር ሰጥተውናል። ሁለቱም በር ጥግ ቆመው ስምንት ወር አቧራ ጠጡ። የሚወጡት ለሐኪም ቀጠሮ ብቻ ነው፤ ያኔም አባቴ ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ፣ ሐበሻ እንዳያየው ግራ ቀኙን እየገላመጠ ነው። ቤተ ክርስቲያን ቀረ። ማኅበር ቀረ። "ቱቦ ተክዬ ሰው መሀል ብገባ፣ ቀጣዩ እኔ ነኝ ብሎ ማስታወቅ ነው" ይላል። እኔ የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። በቀን ስንት ሰው ጆሮ ላይ ቱቦ የማጠልቅ ሴትዮ፣ የገዛ አባቴን ከበሩ ማሳለፍ አቃተኝ። ተናድጄበት ነበር፤ በጣም ተናድጄበት ነበር።

ነገሩ እልህ ብቻ ቢሆን ደግ። አባቴ እንጨት ላይ በሚወጣበት ዘመን ከታች ቆመው ይጠብቁት የነበሩት ጓደኛው እዚሁ ናቸው፤ ከእኛ ሃያ ደቂቃ ርቀው ግሌንዴል ይኖራሉ። ጋሼ እላቸዋለሁ። ባለቤታቸው ታመው ስለነበር እሳቸውም ከቤት አይወጡም፤ ከአባቴ ጋር የሚገናኙት በስልክ ነው። አባቴ ስለ ቱቦው አንድ ቀን ትንፍሽ አላላቸውም። ከዚያ ባለቤታቸው አረፉ። አባቴ ስልኩን ዘግቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ለቅሶ ቤት ግን አልሄደም። በማግስቱም አልሄደም። በሦስተኛው ቀን ጋሼ ሲደውሉ በእጁ "የለም በይ" የሚል ምልክት አሳየኝ። እኔም አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ፤ "ወንድሜ ጋ ሲያትል ሄዷል" አልኩ።

ከሠርግ የቀረ ሰው ምክንያት አያጣም። ለቅሶ ያልደረሰ ግን በእኛ ዘንድ በየትኛው አፉ ይናገራል? ያውም ለሠላሳ ዓመት ጓደኛው፣ ያውም እዚሁ ከተማ ውስጥ ተቀምጦ። አርባው ሊደርስ ሲል ጋሼ ስልኬ ላይ ድምፃቸውን ተዉልኝ። "ልጄ፣ አባትሽ ከሲያትል ሲመለስ ንገሪው። እሑድ አርባዋ ነው። ወንበር ይዤለታለሁ።" ለአባቴ አሰማሁት። ሁለቴ አስደገመኝና ወደ ጠፈሩ ተመለሰ። ከእሑድ በፊት ቤታቸው ሄዶ ካላለቀሰ፣ እሑድ ሕዝብ መሀል እንደ ባዕድ ብቅ ሊል አይችልም። ከእሑድም ከቀረ ደግሞ ጓደኝነቱ በዚያው አለቀ። ይህን ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ሐሙስ ከሥራ ኦፍ ነበርኩ። ጠፈር ላይ ደግሞ በማግስቱ ሁለት ጠፈርተኞች ከጣቢያው ወጥተው የተበላሸ የአንቴና ሳጥን ሊቀይሩ ኖሯል፤ ያን ዕለት የሚታየው ዝግጅቱ ነው። "ዝግጅት ምኑ ይታያል?" አልኩት። "መውጣቱማ ምን አለው፤ ሥራው ዛሬ ነው" አለኝና እንግሊዝኛውን እንድተረጉምለት አጠገቡ አስቀመጠኝ።

አንደኛዋ ጓንቷን ጣት በጣት ትመረምራለች፤ ትንሽ ቀዳዳ ካለው አየሩ በዚያ ይሾልካል። ሌላው ባትሪ ይሞላል። ትንሿ ካቻቢቴ ሳትቀር እያንዳንዱ መሣሪያ በገመድ ይታሰራል። አንዱ ከዝርዝሩ ያነባል፣ አንዱ ዕቃውን በእጁ ነክቶ "አለ" ብሎ ይመልሳል። በዚህ መሀል ሦስተኛው ሰው እግሩን ወደ ላይ አንሳፍፎ ጭንቅላቱን አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ቀብሯል።

"ይሄስ ምን ሆኖ ነው?" አለ አባቴ።

"ሽንት ቤቱ ተበላሽቶባቸው ነው። ፓምፑን እየቀየረ ነው።"

"እዚያም አልቀረላቸውም!" ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። እኔም ከስንት ጊዜ በኋላ እንደዚያ ሲስቅ ሳየው ደስ አለኝ።

ከዚያ መንጠቆዎቹን አወጡ። ከጠፈር ልብሱ ላይ ተነስተው ጣቢያው ላይ የሚቆለፉ ናቸው፤ ሁለት። አባቴ ወንበሩ ጫፍ ላይ መጣ። "አየሽ? ሁለት ነው። ሁልጊዜ ሁለት ነው" አለና እጁን እያወናጨፈ ያስረዳኝ ጀመር። እንጨት ላይ ያለ ሰው የሽቦውን መስቀያ ለማለፍ መንጠቆውን መፍታት ግድ ይሆንበታል። ነገር ግን ሁለተኛው ከላይ ሳይቆለፍ የመጀመሪያው አይነካም። ከላይ ያለው ሁለተኛውን ይቆልፋል፣ ክብደቱን ጥሎ ይሞክረዋል፣ ከዚያ "ያዘ!" ብሎ ይጮሃል። ከታች ያለው አንጋጦ ያይና ሲያምንበት ብቻ "ፍታ!" ይለዋል። ፍታ ካልተባለ አይፈታም፤ ከላይ ያለው ምንም ያህል እርግጠኛ ቢሆን።

"ዝናቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ እንኳ" አለ አባቴ፣ "አንድ ቀን ሳያይ ፍታ ብሎኝ አያውቅም።" የማንን ነገር እንደሚያወራ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ማሽኑ መጮህ የጀመረው ያኔ ነው። ቢጫ መብራት አበራ። ወዲያው አባቴን ከትንሹ ታንክ ጋር አገናኘሁትና ማሽኑን የሰጠን ድርጅት ጋ ደወልኩ። ሙዚቃ አሰምተው አሰምተው ቴክኒሻን የሚመጣው ነገ ነው አሉኝ። ተጨቃጨቅኩ፤ ድምፄ ከፍ አለ። ስመለስ አባቴ ታንኩን አጠገቡ አቁሞ፣ መሬት ላይ ተቀምጦ የማሽኑን ጀርባ ከፍቶታል።

"አባዬ አትንካው! ቴክኒሻን ነው የሚነካው!"

"የእነሱን ሽንት ቤት ሊሠራላቸው የሚመጣ ቴክኒሻን አለ?"

አባቴ ከማሽኑ ጀርባ አንድ ጥቁር የአየር ማጣሪያ ስፖንጅ አወጣ፤ የምንጣፋችን ብናኝ እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኖታል። እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ያ ስፖንጅ በየሳምንቱ መታጠብ ነበረበት፤ ሥራ ቦታ በየሳምንቱ የማጥበው እኔ ነኝ። ቤቴ ገብቼ የራሳችንን ረሳሁት። አባቴ በሳሙና አጠበው፣ በፎጣ ጨመቀው፣ ከዚያ ታንኩን እየጎተተ በረንዳ ላይ ወጣና መደገፊያው ብረት ላይ ዘረጋው። የኮሎራዶ ፀሐይና ደረቅ አየር ለዚህ ለዚህ አይታሙም። እኔ ስፖንጁን ሳይሆን እሱን ነበር የማየው፤ ሳልለምነው በረንዳ ላይ ወጥቷል። ታች ፓርኪንጉ ውስጥ ሰው ያልፋል፣ እሱም ቆሞ ያያል።

ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ስፖንጁን መለሰው። ማሽኑ አጉረመረመ፣ አረንጓዴው መብራት በራ። አባቴ ግን ከታንኩ አልተላቀቀም። ቴሌቪዥኑን በጣቱ አሳየኝ።

"ነገ ነው አይደል የሚወጡት?"

"አዎ።"

"እኔ ዛሬ ልውጣ" አለኝ። "ውሰጂኝ።"

ልቤ ዘለለ፤ ፊቴ ላይ እንዳያይብኝ ግን ጫማ ፍለጋ ጎንበስ አልኩ። ደስታዬን ካየ ሊሰርዘው ይችላል፤ አውቀዋለሁ። ፂሙን ተላጨ፣ ጥቁር ኮቱን ለበሰ። ከዚያ ፖስታ ጀርባ ላይ ዝርዝር ጽፎ መጣና እንደ ጠፈርተኞቹ እንድናደርግ አዘዘኝ። እሱ ያነባል፣ እኔ ነክቼ እመልሳለሁ።

"ታንክ።"

"አለ።"

"መርፌው ስንት ላይ ነው?"

"ግማሽ። ጠዋት ስለሠራንበት።"

"መለዋወጫው።"

"አለ። ሙሉ ነው።" ቦርሳውን ትከሻዬ ላይ አነገትኩት።

"የመኪና ቁልፍ። መሐረብ። ሁለት መሐረብ።"

"አለ። አለ።"

ቱቦው ከጆሮው ጀርባ እንዳይቆለመም አስተካከልኩለት። እሱም የሹራቤን ኮሌታ ገልብጦ አስተካከለልኝ፤ ትምህርት ቤት ሲልከኝ እንደሚያደርገው። በሩ ላይ ስንደርስ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ ይገባል እንዴ? ሮጥ ብዬ የምስር ወጡን ከነድስቱ፣ የለስላሳውን ካርቶን ከኩሽና አመጣሁ። ድስቱ በአንድ እጅ፣ ካርቶኑ በብብቴ፤ በሩን ቆልፌ አባቴን ደግፌ ደረጃውን ወረድን። ጎረቤታችን ሰላም አለው፤ አባቴም ኮፍያውን ዝቅ ሳያደርግ ሰላም አለው።

ሊትስዴል ላይ ቀይ መብራት ይዞን ሳለ ተናገረ። "ሚስቱም መጨረሻዋ ላይ በቱቦ ነበረች። ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ።"

"ይሄን አፍንጫዬ ላይ ይዤ ስገባበት ምን ያያል? እሷን ነው የሚያየው። ሊያጽናና የመጣ ሰው ሐዘን ይዞ ይገባል?"

እኔ ስምንት ወር ሙሉ ኩራት ነው እያልኩ ስማረርበት ነበር። ኩራቱም አልጠፋም ነበር፤ ባለፉት አምስት ሳምንታት ግን ከሥሩ ይሄ ነው የነበረው። መሪውን ይዤ አለቀስኩ። "መብራቱ አረንጓዴ ሆኗል፣ ንጂ" አለኝ።

ጋሼ የሚኖሩት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለውም። የታንኩን የኦክስጅን መጠን ከሁለት ወደ ሦስት ከፍ አደረግኩለትና አንድ ደረጃ እየወጣን፣ እየቆምን፣ እየወጣን ደረስን። በሩን ራሳቸው ከፈቱ። መጀመሪያ የአባቴን ፊት አዩ፣ ቀጥሎ ቱቦውን፣ ቀጥሎ ታንኩን። አባቴ "ወንድሜን! ወንድሜን!" እያለ አንገታቸው ላይ ወደቀ፤ ተቃቅፈው እዚያው በር ላይ ተላቀሱ። ሲላቀቁ ጋሼ ወደ ሳሎኑ ጥግ ሄዱ። የባለቤታቸው ፎቶግራፍ ፊት ሻማ ይነድ ነበር። እፍ ብለው አጠፉት። ኦክስጅን ባለበት እሳት መንደድ እንደሌለበት በዚያ ቤት የሚነግራቸው ሰው አላስፈለጋቸውም።

አባቴ ወንበሩን እንደያዘ "ሲያትል አልሄድኩም" አለ። "እዚሁ ነበርኩ።"

"አውቃለሁ።"

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ምንም እንዳልተናገርኩ ጭንቅላቴን ነቅንቄ ነገርኩት።

"ልጅሽ ሲያትል ነው ባለችኝ ማግስት" አሉ ጋሼ እንደ ድሮው አባቴን አንቺ እያሉት፣ "ወንዱ ልጅሽ ከሲያትል ደወለልኝ። ካስተዛዘነኝ በኋላ 'አባዬ አጠገብዎ ነው አይደል?' አለኝ።"

ወንድሜን መንገር ረስቼ ነበር። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። "ምን አሉት ጋሼ?" አልኩ።

"አዎ፣ አጠገቤ ነው አልኩት። ምን ልበለው?"

ከዚያ በኋላ የነበረው ረጅም ጊዜ ነው። ስለ እሷ አወሩ፤ ስለ ሳቋ፣ ለሁለቱም ቋጥራ ስለምትልክላቸው ምሳ። ምስሩን አሙቄ አቀረብኩ፣ ጋሼ ከስንት ቀን በኋላ ደህና በሉ። ለቅሶ ቤት ደግሞ ተቀምጦ ቶሎ መነሳት የለም። አሥር ሰዓት አለፍ ሲል የታንኩን መርፌ አየሁ። ቀዩ ላይ ደርሷል። አልተጨነቅኩም፤ የመለዋወጫውን ቦርሳ ልከፍት እጄን ዘረጋሁ።

ቦርሳው የለም። መኪናው ውስጥ ይሆናል ብዬ ወርጄ አየሁ፣ የለም። ደረጃውን ስመለስ ነው በዓይኔ የመጣው፤ ኦሮራ፣ ከበራችን ጀርባ፣ ድስቱን ለማንሳት ከትከሻዬ አውርጄ ያስቀመጥኩበት ቦታ። ድስት ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። ባዶ እጄን እንዳልገባ ብዬ የአባቴን ትንፋሽ ቤት ረስቼ መጣሁ። በዚያ ሰዓት የሥራ መውጫ ነው፣ መንገዱ ይዘጋል፤ ደርሶ መልስ ሰዓት ያልፋል። ተንበርክኬ መጠኑን ዝቅ አደረግኩና በጆሮው ነገርኩት።

"አይዞሽ" አለኝ። እሱ ነው አይዞሽ ያለኝ።

ጋሼ ሰምተዋል። ተነስተው መኝታ ቤት ገቡ። ሲወጡ ከእኛ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ማሽን እየገፉ ነበር።

"መጥታችሁ ውሰዱ ብዬ ለድርጅቱ አልደወልኩም" አሉ፣ ሁለታችንንም ሳያዩ። የእሷ ቱቦ እንደተጠቀለለ ማሽኑ ላይ ነበር። ቀስ ብለው ነቀሉት፣ እጥፍ እጥፍ አድርገው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። ከመሳቢያ ያልተከፈተ አዲስ ቱቦ አምጥተው ማሸጊያውን ቀደዱና ሰኩ። ስፖንጁ ንጹሕ ነበር። ወለሉ ላይ ተንበርክከው ሶኬቱን አስገቡ፣ ማሽኑም አጉረመረመና ሥራ ጀመረ።

እኔ ቶሎ ብዬ ቱቦውን ልቀይርለት እጄን ሰነዘርኩ። "ቆይ፣ ይሙቅ" አሉኝ ጋሼ። ቆየን። የማሽኑ ድምፅ ቤቱን ሞላው። ጋሼ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ይሰሙ ነበር።

"ይሄ ድምፅ ከቆመ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም" አሉ።

አባቴ የታንኩን ቱቦ ሳያወልቅ አዲሱን አፍንጫው ላይ ደረበ። ዓይኑን ጨፍኖ ሳበ፣ እንደገና ሳበ። ጋሼ እዚያው ወለሉ ላይ እንደተንበረከኩ አንጋጠው ያዩታል።

"ያዘ" አለ አባቴ።

ጋሼ አረንጓዴውን መብራት አዩ። ፊቱን አዩ። ጊዜ ወሰዱ።

"ፍታ" አሉት።